ስፒከሩን ከተማ ተዉልን፦ ለቅዳሜና እሁድ ጉዞ አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ከአዲስ አበባ የቀን ጉዞና ሃይኪንግ ለምታዘጋጁ በሙሉ

ጉዳዩ፦ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ስለሚደረጉ ጉዞዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ጳጉሜን ገብታለች። የእናንተም ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ መዝነብ ጀምሯል። እንደ ልማዴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ትራንስፖርት አለ። ቁርስና ምሳ አለ። የታሸገ ውኃ፣ ቡና፣ ፎቶ አንሺ፣ ዲጄ፣ ጨዋታና ሽልማት አለ። አንዳንዱማ ድሮንም ጨምሯል። ደኑ ግን የለም። ርዕሱ ላይ "መናገሻ ሱባ" ተብሎ ተጽፏል። ሰው እዚያ ሄዶ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚሰማ ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ከምታዘጋጇቸው ጉዞዎች መካከል አንዳንዱን ለወፍና ለአበባ አድርጉት። ማልዶ የሚወጣ፣ ሰው የማይበዛበት፣ ስፒከር የሌለበት ጉዞ። ሌላውን እንደፈለጋችሁ።

መጀመሪያ ግን የሚገባችሁን ልስጣችሁ። የከተማውን ወጣት ከካፌ ወንበር አስነስታችሁ ተራራ ያስወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት "ቅዳሜ ጫካ ልሄድ ነው" ያለ ሰው "ምን ልትሠራ?" ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ቤተሰብ ጭምር ይሄዳል። ዱባይን ደጋግሞ አይቶ ወጨጫን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ሞልቷል፤ እሱን ኮስተር ውስጥ አስገብታችሁ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ሴቶች ያለ ስጋት ተሰባስበው እንዲሄዱም መንገድ ከፍታችኋል። ይህን የሚክድ የለም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ቡድን ጋር ወደ ሱባ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ደግሞም ከሌሎቹ የባሰ አልነበረም። መነሻው ሁለት ሰዓት ተባለ፤ የዘገዩ ሲጠበቁ፣ ቁርስ ሲበላ፣ ነዳጅ ሲቀዳ ጫካው ዘንድ የደረስነው ረፋዱን አልፈን ነው። ከመኪናው ስንወርድ ስፒከሩም አብሮን ወረደ። አንድ ልጅ እንደ ሕፃን አዝሎት ከፊት ከፊት ይሄዳል። ዘፈኑ ጥሩ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ብሰማው እኔም ትከሻዬ አያርፍም። ግን ሙሉ መንገዱን አንድም ወፍ በቅጡ ሳናይ ተመለስን። ከጎኔ የነበረችው ልጅ፣ ጫካ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር፣ "እዚህ ወፍ የለም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ያናደደኝ ጭፈራው አይደለም። ይቺ ልጅ ወፍ የሌለበት ጫካ አይታ መመለሷ ነው።

ወፍማ አለ። እንዲያውም የወፍ ሀብቱ ከታወቀ ቆይቷል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ማለቴ ነው፣ በ1996 ለወፎች እጅግ ጠቃሚ ናቸው ያላቸውን የአገሪቱን 69 ሥፍራዎች ዝርዝር አውጥቶ ነበር። የመናገሻ ደን ከነዚያ አንዱ ነው። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አላት። ከእነሱ ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኙትን ለማየት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ከፍሎ ይመጣል። እኛ ደግሞ ከጦር ኃይሎች ወይም ከአየር ጤና ተነስተን፣ ቁርስ ሳናዘገይ ልንደርስባቸው እንችላለን። ይህን ዕድል የሚያውቀው የከተማችን ሰው ጥቂት ነው፤ ማስታወቂያ የምትጽፉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ስለ ደኑ ትንሽ ላውራ፤ ለማስታወቂያችሁም ይጠቅማችኋል። መናገሻ ሱባ ያለው ወጨጫ ተራራ ላይ ነው። ወጨጫ ጥንት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እዚህ እንዳስተከሉ ይነገራል። ኋላም አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨርሳ ፊቷን ወደ ባሕር ዛፍ ባዞረችበት ጊዜ፣ አፄ ምኒልክ ይህ ደን እንዲጠበቅ አድርገዋል። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከተማችን ያኔ ልትበላው ትችል የነበረ፣ ሳትበላው የቀረ ጫካ ነው። ዲጄ ለማስጨፈር ሌላ ብዙ ሜዳ አለ።

ዛፎቹን ስታስጎበኙ "ጽድ" ብላችሁ አትለፉት። ደጃችን ላይ ለአጥር የምንተክለው ብዙውን ጊዜ የፈረንጅ ጽድ ነው። ሱባ ያሉት ግዙፎቹ የሐበሻ ጽድ ናቸው። ይህ ዛፍ ከጽድ ወገኖች ሁሉ ተለይቶ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ድረስ በተፈጥሮው የሚበቅል ብቸኛው ነው። ወንድና ሴት ዛፍ አለው። ሴቷ ትናንሽ ሰማያዊ የሚመስሉ ፍሬዎች ታፈራለች፤ ወፎች ይበሉታል፣ ዘሩንም ወዲያ ወዲህ ይበትኑታል። የዘርዓ ያዕቆብ ሰዎች ተክለውት ከሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን አብዛኛውን የተከሉት ወፎች ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከጽዱ ጋር ዝግባና ወይራ አለ። ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ኮሶ ይመጣል፣ ጫፉ አካባቢ ደግሞ አስታ።

ወፎቹን በተመለከተ ሁሉንም ልዘርዝር ብል አንብባችሁም አትጨርሱት። ስለምወዳቸው ጥቂቶቹ ብቻ ልንገራችሁ።

ሶሪትን ያላየ ሰው ሱባ ሄድኩ ባይል ደስ ይለኛል። ጉንጯ ነጭ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ስትሆን አረንጓዴ ስለሆነች ከቅጠሉ አትለይም። ሩጫ እንጂ መብረር ብዙም አትወድም፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስትሮጥ ጦጣ ናት ብላችሁ ልትሳሳቱ ትችላላችሁ። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሻገር ግን ክንፏን ትዘረጋለች፣ ያኔ ደማቅ ቀይ ይወጣል። ያ ቀይ ቀለም ውስጥ መዳብ አለ። እውነቴን ነው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራበት መዳብ። እንዲህ ያለው ቀለም ከእሷና ከዘመዶቿ በቀር በሌላ ወፍ አይገኝም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ለተጓዦቻችሁ ንገሩና ከዚያ በኋላ ማን ስልኩን እንደሚያይ ተመልከቱ።

ቀጥሎ በቀቀኖቹ። ብዙ ሰው በቀቀን ሲባል በሽቦ ቤት ያለ የሌላ አገር ወፍ ነው የሚመስለው። ራሱ ቢጫ፣ ገላው አረንጓዴ የሆነው የእኛው በቀቀን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ጠዋት ጠዋት ከዛፎቹ በላይ እየጮኸ ያልፋል። ክንፈ ጥቁሯ ትንሽ በቀቀን ደግሞ አለች፤ እሷን ከኤርትራ ጋር እንጋራታለን። ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ አለው፣ ሴቷ የላትም። ጥንድ ጥንድ ሆነው የጽድ ፍሬ ሲለቅሙ ካገኛችኋቸው ቆማችሁ ጠብቁ፤ በልተው እስኪጠግቡ የሚሄዱ አይመስሉም።

ሦስተኛዋ ለዓይን እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም። ግራጫ ናት፣ ግንባሯ ነጣ ያለ፣ ከጅራቷ ሥር ቀላ ያለች። ቁጥቋጦ ውስጥ ትሸሸጋለች። እሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ነገር ግን ስትዘምር! ወንዱ ይጀምራል፣ ሴቷ ትቀበላለች። ደጋግሜ ሰምቻታለሁ፣ እስካሁን አልሰለቸኝም። ይቺ ወፍ ከስፒከር ጋር ተወዳድራ አታሸንፍም። ዝም ካላላችሁ መኖሯንም አታውቁም። ያቺ "ወፍ የለም እንዴ" ያለችው ልጅ ምናልባት አምስት ሜትር አጠገቧ አልፋለች።

ጋጋኖን ግን ልለፈው። እሱ ለራሱ ስፒከር ነው፣ ምንም አይበግረውም።

ድምፅን በተመለከተ አንዳንዶቻችሁ "ወፍ ምን ገዷት፣ ትለምደዋለች" ስትሉ ሰምቻለሁ። ወፍ የምትዘምረው ለእኛ አይደለም። ወንዱ "ይህ ሠፈር የእኔ ነው" የሚለው በዝማሬው ነው፣ ሚስት የሚጠራውም በዝማሬው ነው። ድምፁ ካልተሰማለት ሥራው ይስተጓጎላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን በተባለች ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ነበር። በጫጫታ ሠፈር የሚኖሩ አንድ ዓይነት ትናንሽ ወፎች በመኪና ድምፅ እንዳይዋጡ ዜማቸውን ወደ ቀጭን ድምፅ ቀይረው ተገኙ። አዎ፣ የከተማ ወፍ እንዲህ ብላ ትለምዳለች። የሱባ ወፍ ግን ለምን ትልመድ? ጫጫታ ሸሽተን የሄድን እኛ፣ እሷን ጫጫታ እናስለምዳት?

አሁን ወደ ሰዓት እንምጣ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ስፒከሩም አይደለም፣ መነሻ ሰዓቱ ነው። ወፎች ብርዳማውን ሌሊት ሳይበሉ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ይበላሉ። አየሩ ጸጥ ስለሚል ዝማሬያቸውም ሩቅ ይሰማል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ከቀሪው ቀን በሙሉ ይበልጣል። ድኩላም የምትታየው ያኔ ነው። እዚያ ያለችው የምኒልክ ድኩላ የምትባለው ጠቆር ያለችዋ ናት፤ ረፋድ ላይ ጥሻ ውስጥ ትገባና አበቃ። በአምስት ሰዓት የደረሰ ቡድን የሚያገኘው ያሸለበ ጫካ ነው። ጉሬዛዎቹ ብቻ ታጋሽ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ ቁጭ ብለው ቅጠል ይበላሉ። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል የታቀፈች እናት ካያችሁ አትደንግጡ፣ በሽታ አይደለም። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው።

ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ግን ላሊበላ ለገና ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ሕዝብ ነን፤ ለአንድ ቅዳሜ ማልዶ መነሳት አያቅተንም። የዘገየ ሰው አይጠበቅም በሉ። በሩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ማልዶ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ ከደኑ ጽሕፈት ቤት ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ጠይቁ፤ ይህን መቼም እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ስለ እሳት አንድ ነገር። ካምፕ ፋየር ደስ ይላል፣ በተለይ ለፎቶ። ማገዶው ግን ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ "የሞተ ዛፍ ነው፣ ማንንም አይጎዳም" ተብሎ ቆሞ የደረቀ ግንድ ይሰበራል። ያ ግንድ ቤት ነው። ግንደ ቆርቁር በመንቁሯ ፈልፍላ ትኖርበታለች። እሷ ስትለቀው ሌላው ይገባል። ቅድም ያወራሁላችሁ ሁለቱም በቀቀኖች የሚፈለፈሉት የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ጎጆ አይሠሩም። ሽንቁር ያለው አሮጌ ዛፍ ደግሞ በቀላሉ አይተካም። አንድ የሞቀ ምሽት ለማሳለፍ ተብሎ የእነዚህን ቤት ማንደድ አይገባም። ቡናው ከቤት በቴርሞስ ይምጣ፣ አለዚያ ከሰል ይዛችሁ በተፈቀደው ቦታ ብቻ አፍሉ።

አበባውን ደግሞ እንደ ወፉ አታጣድፉት። አበባ አይሸሽም፣ ስለዚህ ፀሐይ ጠንከር ስትል ወደ እሱ ዙሩ። ወሩ ግን ወሳኝ ነው። መስከረም አደይ ነው፣ ይህን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ብቻ አደይን ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር አትፈልጓት። ፀሐይ ትወዳለች፤ የደኑ ዳር ዳርና ገላጣው ላይ ናት። እንቁጣጣሽ የሚሉ ልጆች ከመስክ ቢቀጥፏት አልከፋም፣ ወጋችን ነው። ጥብቅ ደን ውስጥ ግን አትቀጠፍ። ሁሉም ጭብጥ ጭብጥ ይዞ ከወጣ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር የሚያራግፈው ምኑ ነው? ለፎቶ ተብሎ አበባው መሐል መተኛትም ያው ነው፤ የሚቀረው የተጨፈለቀ ነገር ነው።

ጥላማውና እርጥቡ ቦታ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ እንሶስላን ፈልጉ። ሥሯን እናቶቻችን እጅና እግራቸውን ያቀሉበት ነበር። ከተማ ያደግን ሰዎች ቀለሙን እንጂ አበባውን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ነጭ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ነገር አለው። ሲመሽ ሽታው ይበረታል፣ የሌሊት የእሳት ራቶችን ይጠራበታል። ያመጣችኋቸውን ልጆች "ይህ እኮ እንሶስላ ነው" በሏቸው። ካስቻላቸው እዚያው ለአያታቸው ይደውሉ። ሥሯን ግን አትንቀሉ!

ቀጋ የጽጌረዳ ወገን ነው፤ ከሰሐራ በታች በተፈጥሮው የሚበቅል ሌላ ጽጌረዳ የለም። አበባው ነጭ ነው፣ ፍሬውን የገጠር ልጅ ሁሉ በልቶታል። አሜጃ ቢጫ ነው። ጠምበለል ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ ነጭ ነጭ ያብባል፣ ብዙውን ጊዜ ሳታዩት በፊት ይሸታችኋል። ኮሶ ላይ ትንሽ ቆም በሉ፤ እሱም እንደ ጽዱ ወንድና ሴት ዛፍ አለው፣ ቀላ ያለ ትልልቅ የአበባ ዘለላ የምታንዠረግገው ሴቷ ናት። ያ መራራ መድኃኒት የሚሠራው ከእሷ አበባ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር የዚህ ዛፍ ብዙ ውለታ አለበት። ከተጓዦቻችሁ መካከል ኮሶ ጠጥቶ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ማይክራፎኑን ለእሱ ስጡት፣ ከየትኛውም ዲጄ በላይ ያስቃችኋል።

ኮሸሽላ ደግሞ እሾሃም ስለሆነ ሰው ይሸሸዋል። ግን ብርቱካንማ ቀይ አበባው ሲፈካ እዚያው አጠገቡ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ቀጫጭን መንቁር ያላቸው፣ የአበባ ወለላ የሚመጥጡ ትናንሽ ወፎች ይመጣሉ። አንደኛዋ ስሟን ከተከዜ ወንዝ ያገኘች ናት። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲሆን ጥቁር ይመስላል። ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊና አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። የፈረስ ዘንግና አሽንዳ ላይም ታገኟቸዋላችሁ። ወፍና አበባ ለየብቻ የሚጎበኙ ነገሮች አይደሉም የምለው ለዚህ ነው። አበባውን የቀጠፈ የወፏን ቁርስ ነው የቀጠፈው።

ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ጭቃው ይደርቃል፣ ሰማዩ ይጠራል። አውሮፓ ሲበርዳት ወደ እኛ የሚሰደዱ ወፎችም በዚያን ጊዜ ገብተዋል። በእኔ ምርጫ ከመስከረም ይልቅ ጥቅምት ይሻላል። መስከረም ለፎቶ፣ ጥቅምት ለወፍ። ሐምሌና ነሐሴ ግን መኪናችሁን ጭቃ ውስጥ ስትገፉ እንዳትውሉ።

አንድ ያሳሰበኝ አዲስ ልማድ አለ። አንዳንድ አስጎብኚዎች በስልክ የወፍ ድምፅ ከፍተው ወፏን ሲጠሩ አይቻለሁ። ትመጣለች፣ እውነት ነው። የምትመጣው ግን ሌላ ወፍ ሠፈሯን ሊቀማት የገባ መስሏት፣ ተቆጥታ ነው። በተለይ በመራቢያ ወቅት መብላትና ጫጩት መመገብ ሲገባት ከስልክ ጋር ስትጣላ ትውላለች። ይህን አታድርጉ። የወፎችን ስም ለመለየት ግን ስልክ ጥሩ ነው። መርሊን የሚባል፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ማዕከል የሠራው ነፃ አፕ አለ። ከተማ ሳላችሁ ዋይፋይ ላይ አውርዱት፣ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ አትመኑ። ያያችሁትን ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ብትመዘግቡት ደግሞ ለተመራማሪዎች ይጠቅማል። ባይኖኩላር ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ይኑረው አልልም። ቡድኑ ሁለት ሦስት ገዝቶ ቢያከራይ ግን የድሮኑን ወጪ ያህል አይሆንም።

ቁጥሩም ይነሳ። በአንድ ጊዜ ስልሳ ሰው ይዞ ወፍ ማሳየት አይቻልም። ፊተኛው ሲያይ ኋለኛው "ምንድነው? የታለ?" እያለ ይጮኻል። አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ሰው ከበዛ ከፋፍሏቸው፣ በተለያየ መንገድ ይሂዱ። ከእያንዳንዱ ጋር የአካባቢው ልጅ አስጎብኚ ይኑር፣ ክፍያውም ሳይጨቀጨቅ ይከፈል። እነዚያ ልጆች ሶሪቷ የት ዛፍ ላይ እንደምታድር ያውቃሉ፤ እናንተ ያመጣችሁት አስተባባሪ ግን አያውቅም፣ አይፈረድበትምም። ተጓዦች ደማቅ ነጭ ልብስ ባይለብሱ ጥሩ ነው። ረጅም ሱሪ ያድርጉ፣ ጨጎጎት አለ። ጦጣ ብስኩት አይሰጥ። ፕላስቲኩን መሰብሰብ ስለጀመራችሁ አመሰግናለሁ፤ ብዙዎቻችሁ በዚህ ተሻሽላችኋል።

"ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን አያዋጣም" እንደምትሉኝ እገምታለሁ። አሥር ሰው ለኮስተር ኪራይ አይበቃም፣ ወጣቱ የሚፈልገው ጭፈራ ነው ልትሉኝ ነው። ስለ ኪራዩ እውነት አላችሁ፣ ትንሽ መኪና ይበቃል፣ ዋጋውም ትንሽ ከፍ ቢል ግድ የለም። ስለ ወጣቱ ግን አልስማማም። ምን እንዳለ ሳይነገረው እንዴት ይፈልገው? ጭፈራን በየሳምንቱ እያስተዋወቃችሁ፣ ሶሪትን አንድ ቀን ሳታስተዋውቁ "ፈላጊ የለም" ማለት አይሆንም። በዚያ ላይ ሁሉም ሰው ጨፋሪ አይደለም። ዝምተኞች አሉ፣ ልጆች ያሏቸው አሉ፣ ጡረታ የወጡ አሉ። የሳምንቱን ጫጫታ አውርደው ሁለት ሰዓት ያህል ምንም ሳይናገሩ መሄድ የሚመኙ አሉ። እነሱ ማስታወቂያችሁ ላይ "ዲጄ" የሚለውን ሲያዩ ዘለው ያልፋሉ። እኔ ራሴ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሁሉንም ዛሬ ለውጡ አልልም። ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሞክሩት። ማስታወቂያው ላይ ከዲጄው ቦታ "ሶሪት፣ በቀቀን፣ ጉሬዛ፣ ቀጋ" ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩ "ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ አሥር ሰው ብቻ" በሉ። ስንት ሰው እንደሚመዘገብ እንየው። የሚሞክር ቡድን ካለ እኔ ያለ ክፍያ አብሬ እወጣለሁ፤ የራሴን መሳፈሪያም እከፍላለሁ። ባይኖኩላሬን ለሁሉም አውሳለሁ። የወፎቹን ስም በአማርኛ የማውቀውን ያህል እናገራለሁ፣ ስም የሌላቸውን ደግሞ አብረን እያየን እንገልጻቸዋለን። መልሳችሁን እዚሁ ደብዳቤው ሥር ብታሰፍሩልኝ አገኘዋለሁ። ቀኑን ብቻ ከመስቀል በፊት አሳውቁኝ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የወፍ ወዳጅ፣ ከአዲስ አበባ